የስደተኞችን ባህል ለሚያከብር ፌስቲቫል የመንግሥት በጀት እንዴት ይጠየቃል? (ድሬዳዋ)

ጥያቄ፦ ደቻቱ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በድሬዳዋ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና ሥነ ግጥም የሚሠራ አንድ አነስተኛ የኪነ ጥበብ ማኅበር አባል ነኝ። ማኅበራችን በአካባቢያችን የሚኖሩ ስደተኞች ከከተማው ነዋሪ ጋር በአንድ መድረክ ባህላቸውን የሚያቀርቡበት የሁለት ቀን ፌስቲቫል ለማዘጋጀት ካሰበ ቆይቷል። የምጽፈው ያጋጠመንን ችግር ገልጬ፣ በበጀትም ሆነ በባህል ሥራ ልምድ ያላችሁን ሰዎች ምክር ለመጠየቅ ነው።

እንዲሳተፉ የምንፈልገው በመጀመሪያ በጅግጅጋ ዙሪያ ባሉት የቀብሪበያህ፣ የአውበሬና የሸደር መጠለያ ጣቢያዎች የሚኖሩት የሶማሊያ ስደተኞች ናቸው። ከ2007 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ባሕር ተሻግረው ወደ አገራችን የገቡ የየመን ሰዎችም እንዲኖሩበት እንፈልጋለን። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በልምምድ ክፍላችን ውስጥ ነው። ከመጠለያ ጣቢያ ለሕክምና መጥተው ዘመድ ቤት ያረፉ አንዲት እናት፣ ጎረቤታቸው የሆነች አባላችን ጋብዛቸው ልምምዳችንን ሊያዩ መጡና፣ የሶማሌ ሴቶች በሠርግና በትልልቅ ጉዳዮች ላይ የሚያወርዱትን ቡራምቡር የተባለ ግጥም ያሰሙን ጀመር። ከበሮ በአጠገባቸው ስላልነበረ ባዶ ጀሪካን ገልብጠው ምቱን ያዙ፤ ሴቶቹም በጭብጨባ ተቀበሏቸው። አንዷ ተወዛዋዣችን ወደ ክቡ መሃል ስትገባ እርምጃዋ ከስንኙ ቀደመ። እናትየው ምቱን አቁመው እጇን ያዙና የስንኙ ማረፊያ የት ላይ እንደሚወድቅ በእግራቸው አሳዩአት። እንዲህ ያለ ዕውቀት የያዙ ሰዎች ከእኛ ከግማሽ ቀን የመኪና መንገድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ተቀምጠው፣ ከተማችን አለማወቋ ያሳዝነኛል።

ድሬዳዋ በመጤ እጅ የተሠራች ከተማ መሆኗን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮች በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ አደጉ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ህንዱ በአንድ ገበያ ተገናኙ። የሐረርጌ ሰው በተራው ስደትን ቀምሷል። በ1969 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነት ምክንያት ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ የተሰደደው ወገናችን ብዙ ነው። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ነዋሪዋ ወደ እኛ ሸሽቶ ሐርትሼክ ላይ ሰፈረ፤ እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ያ ጣቢያ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር።

ገንዘብ ፍለጋ ስንወጣ ግን በየበሩ የተለያየ መልስ አገኘን። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባህሉ የአገር ውስጥ ባህል ስላልሆነ በዕቅዱ እንደማይካተት ነገረን። ሁለተኛው የስደተኞች ጉዳይ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው ብሎ መለሰን። አንድ የዕርዳታ ድርጅት ደግሞ ገንዘቡ ለምግብ፣ ለመጠለያና ለጤና የተመደበ መሆኑን ገልጾ፣ ለዓለም የስደተኞች ቀን ቲሸርት ሊያሳትምልን እንደሚችል አሳወቀን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እንዲህ ላለ ሥራ የከተማውን የባህል በጀት መጠየቅ የሚቻለው በምን መንገድ ነው? ስደተኛ ለሆነ ከያኒ ከመንግሥት በጀት የሙያ ክፍያ መክፈልስ ይቻላል? የውኃ ወረፋ በሚጠበቅበት ሰፈር እየኖርን ለበዓል የሕዝብ ገንዘብ መጠየቁ ተገቢ ነው አይደለም በሚለውም ላይ ሐሳባችሁን ሳትቆጥቡ እንድትነግሩኝ እለምናለሁ።

መልስ፦ የበጀት ጡረተኛ

የተከበሩ ጠያቂ፣ በዚህችው ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በዕቅድና በጀት ሥራ ላይ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የቀረበላችሁ መልስ ሁሉ ያናድዳል፤ ነገር ግን ከመልሶቹ በስተጀርባ ያለው ትልቁ እንቅፋት ባህሉ የማን ነው የሚለው ክርክር አይመስለኝም። ትልቁ እንቅፋት የቀን መቁጠሪያው ነው።

የዓለም የስደተኞች ቀን የሚውለው ሰኔ 13 ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በሰኔ ወር ማንኛውም የፋይናንስ ክፍል ሒሳብ ለመዝጋት ይሯሯጣል፤ ግዥ ቆሟል፣ የቀረው ገንዘብ በየአርእስቱ ተቆጥሯል፣ ዕቅድ ውስጥ ያልነበረ ጥያቄ ይዞ የሚገባ ሰውም፣ ጥያቄው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ የሚያስተናግደው አያገኝም። ገንዘብ አለን የሚል መሥሪያ ቤት ብታገኙ እንኳ ወጪው በጥድፊያ ይወጣና በኦዲት ጊዜ ጥያቄ ያስነሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ ኃላፊ ስማችሁን መስማት አይፈልግም። መሥሪያ ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት የበጀት ጥሪ ሲደርሳቸው ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በየካቲት ወር አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት የምትጠይቁትን ከጥር ወር ሳያልፍ ለባህል መሥሪያ ቤቱ የዕቅድ ባለሙያ ማድረስ አለባችሁ። ለኃላፊው በግልባጭ ይድረስ፤ ሠንጠረዡን የሚሞላው ግን ባለሙያው ስለሆነ ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ዋናው ነገር ነው።

በእኔ አስተያየት ፌስቲቫሉን ከሰኔ 13 ጋር ማሰርም አያስፈልጋችሁም። ኅዳርና ታኅሣሥ ለድሬዳዋ የተሻሉ ወራት ናቸው፤ ሙቀቱ ይበርዳል፣ የበጀቱም ገንዘብ በዚያ ጊዜ ተለቅቆ ሥራ ላይ ይውላል። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት በየካቲት አካባቢ ስለሚውል ከዚያም ትርቃላችሁ። ሰኔ 13ን ለአንድ ምሽት የግጥም ዝግጅት ብትተዉት ቀኑም አይረሳም።

«የፌዴራል ሥራ ነው» ለተባላችሁት፣ መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ስደተኛን መቀበል፣ መመዝገብና መታወቂያ መስጠት የፌዴራሉ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ሥራ ነው። በከተማው አደባባይ የሚካሄድ የባህል ዝግጅት ግን በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የተቋቋመው የድሬዳዋ አስተዳደር ጉዳይ ነው። እናንተ የምትጠይቁት ስደተኛ እንዲረዳ አይደለም፤ ከተማው በየዓመቱ ከሚያዘጋጃቸው የባህል ዝግጅቶች አንዱ ስደተኞችንም እንዲያሳትፍ ነው። ማመልከቻው ላይ ይህ ልዩነት በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ቁልጭ ብሎ ካልተጻፈ ወረቀቱ ከክፍል ክፍል ሲንከባለል ይከርማል።

ማኅበራችሁ በሕግ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን አልጻፋችሁም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚቋቋሙ ድርጅቶች የሚመዘገቡት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ይህ አዋጅ በአገሪቱ ነዋሪ የሆነ የውጭ ዜጋም ከኢትዮጵያውያን ጋር የአገር በቀል ድርጅት መሥራች ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል። የአስተዳደር ወጪያችሁ ከገቢያችሁ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ግን ከወዲሁ አስሉት። በዚሁ አዋጅ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ የሚባልም ተቋቁሟልና ባለሥልጣኑን ስለ እሱ ጠይቁ።

ክፍያን በተመለከተ፣ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ የመሥራት፣ ከፖለቲካና ከትርፍ ውጭ በሆነ ማኅበር የመደራጀትና የባንክ አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ በመርህ ደረጃ የሚከለክላችሁ ነገር የለም። በተግባር ግን ገንዘብ ያዡ ደረሰኝና የግብር ከፋይ ቁጥር ይጠይቃችኋል፤ ከመጠለያ የመጣች ገጣሚ ይህን ከየት ታመጣለች? መውጫው ክፍያውን በማኅበራችሁ በኩል ማድረግ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከማኅበሩ ጋር ውል ይፈራረማል፣ ማኅበሩም ለከያንያኑ በባንክ ሒሳባቸው ይከፍላል፣ የተፈረመበትን የክፍያ ዝርዝርም ከውሉ ጋር ያያይዛል። የሥራ ፈቃዱን ጉዳይ ከስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ከመጠለያ ለሚወጡት የይለፍ ወረቀትም እንዲሁ በጊዜ ይጠየቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመንግሥት በጥሬ ገንዘብ የምታገኙት ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በዓይነት የምታገኙት ግን ብዙ ነው። አዳራሽ፣ መድረክ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የጥበቃ ኃይል፣ አምቡላንስና የአውቶቡስ ስምሪት ሁሉ ዋጋ አላቸው። ዋጋቸውን ገምታችሁ በበጀት ሠንጠረዡ ላይ እንደ አስተዳደሩ መዋጮ ስታሰፍሩት፣ ሌላ ለጋሽ ሲመጣ መንግሥት ድርሻውን ማዋጣቱን በቁጥር ያያል።

መልስ፦ ጁገል

ከሐረር ነው የምጽፈው። የጠያቂውን ቅንነት አልጠራጠርም፤ የጡረተኛው አባታችን ምክርም የሚጠቅም ነው። እኔ ግን በዋናው ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ስላለኝ በግልጽ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

በሐረርም በድሬዳዋም ዕድሜ ልካቸውን ዚክሪ የተባለውን መንፈሳዊ ዜማ ሲያወጡ፣ ሲዘፍኑ፣ ስፌት ሲሰፉ የኖሩ ሰዎች ከመንግሥት አምስት ሳንቲም ሳያገኙ ያልፋሉ። በ2010 ዓ.ም. ከገዛ ቀያቸው ተፈናቅለው ዓመታትን በቆሎጂ የተፈናቃዮች መጠለያ ድንኳን የገፉ ወገኖቻችን ደግሞ ድንበር ስላልተሻገሩ ብቻ «ስደተኛ» አይባሉም፤ በእንዲህ ያለ ፌስቲቫልም ስማቸው አይነሳም። የሕዝብ ገንዘብ ሲከፋፈል ከእነዚህ ሰዎች አልፎ ወደ ሌላ መሄዱን ለአንድ የሐረርጌ ነዋሪ ማስረዳት ቀላል አይሆንላችሁም። ጠያቂው የውኃውን ነገር ራሱ አንስቶታል። ለእኔ ከውኃው ይልቅ ይህኛው ይከብደኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞዬ ገንዘቡ ይዞት የሚመጣውን ነገር ይመለከታል። የእኛ ሹዋሊድ ከዒድ አልፈጥር በኋላ ከሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ፍጻሜ ጋር የሚከበር በዓል ነው፤ ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ለዘመናት የተሻገረው ግን በባለቤቶቹ እጅ ነው። ዚክሪውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ለወጣቱ እያስተማሩ፣ እናቶች ወጉን እየጠበቁ፣ ማኅበረሰቡ አፎቻ በተባለው የመረዳጃ ማኅበሩ እየተረዳዳ አቆይቶታል። መንግሥት የሚከፍልበት መድረክ ላይ ግን የመጀመሪያውን ሰዓት ንግግር ይወስደዋል፤ የክብር እንግዶች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ከያኒው በፀሐይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሌሊቱን ሙሉ ዜማ ለአሥር ደቂቃ ቆርጦ እንዲያቀርብ ይነገረዋል። ይህን በብዙ ዝግጅት ላይ አይቼዋለሁ። ከሠርጉ ተነጥሎ በአሥር ደቂቃ የሚቀርብ ቡራምቡርም ባለቤቶቹ የሚያውቁት ቡራምቡር አይሆንም።

የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ ከተባለ ከሁለት ቀን ድምቀት ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ለሚቆይ ነገር ቢውል እመርጣለሁ። የልምምድ ክፍል፣ የድምፅ መቅረጫና ለመምህራን የሚከፈል አበል ይበጃል። ያችን ጀሪካን እየመቱ ያስተማሩ እናት በየወሩ ተከፍሏቸው ለድሬዳዋ ልጆች ቢያስተምሩ ከማንኛውም ፌስቲቫል የሚበልጥ ሥራ ነው እላለሁ።

መልስ፦ ከድሬ እስከ ለንደን

ተወልጄ ያደግሁት ገንደቆሬ ነው፤ አሁን ለንደን ውስጥ በማኅበረሰብ ኪነ ጥበብ ሥራ ላይ እገኛለሁ። ከዚህ ያየሁትን ብጽፍ ለውይይቱ ይጠቅም ይሆናል።

በእንግሊዝ የስደተኞች ሳምንት የሚባለው ዝግጅት ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ ይካሄዳል። የሶማሌ ማኅበረሰብም ካይድ በተባለ ድርጅቱ አማካይነት ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በምሥራቅ ለንደን የሶማሌ ሳምንት ፌስቲቫል ያዘጋጃል፤ ገጣሚዎችና ደራስያን ከአፍሪካ ቀንድ ጭምር ይጋበዙበታል። ለእንዲህ ያሉ ሥራዎች የሕዝብ ገንዘብ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የታላቋ ብሪታንያ ምክር ቤት ሲሆን፣ የተመሠረተበት ሐሳብ መንግሥት ገንዘቡን ይመድባል፣ ለማን እንደሚሰጥ ግን ሹሙ አይወስንም የሚል ነው። ለአንድ ፕሮጀክት ከ1,000 እስከ 100,000 ፓውንድ መጠየቅ ይቻላል፤ አመልካቹ ቢያንስ 10 በመቶውን ከሌላ ምንጭ እንዲያመጣ ይጠበቅበታል፤ ለከያንያን ተገቢውን የሙያ ዋጋ እንደሚከፍልም በማመልከቻው ያሳያል። ለወንድማችን ከጁገል የምመልሰውም ይህንኑ ነው። ያየኸው ችግር ሹሙ ራሱ ከፋይም መራጭም አዘጋጅም ሲሆን የሚመጣ ችግር ነው። በድሬዳዋ ደረጃ እንኳ ከከያንያን፣ ከስደተኞችና ከዩኒቨርሲቲው መምህራን የተውጣጣ አነስተኛ ኮሚቴ ፕሮግራሙን እንዲወስን፣ መሥሪያ ቤቱም ሒሳቡን ብቻ እንዲቆጣጠር በውሉ ላይ ማስፈር ይቻላል።

እዚህም ቢሆን ሁሉ ነገር የተስተካከለ አይደለም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠባበቅ ሰው በእንግሊዝ በአብዛኛው መሥራት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ በመድረኩ ላይ ያለውን ምርጥ ኡድ ተጫዋች ከትራንስፖርት ወጪ በቀር ምንም ልትከፍለው የማትችልበት ጊዜ አለ። ከዚህ አንጻር ሲታይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብትን ማወቁ ትልቅ ነገር ነውና በሥራ ላይ እንዲውል ግፉበት።

ገንዘብ በሌለበት የተሠራ ሌላ ምሳሌም አለ። በማላዊ ዛሌካ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አንድ ኮንጎአዊ ስደተኛ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው ቱማይኒ ፌስቲቫል በየዓመቱ ይካሄዳል። መግቢያው በነፃ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ በስደተኞቹ ቤት ከፍሎ ማደር ይችላል። የምግብ ሻጯ፣ የአልጋ አከራዩና የልብስ ሰፊው ኪስ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ከመድረኩ ክፍያ ባልተናነሰ ለመጠለያው ይጠቅማል። የእናንተ ፌስቲቫል ለምን ከሁለቱ ቀናት አንዱን ቀብሪበያህ ላይ አያደርግም? የድሬዳዋ ሰው በአውቶቡስ ይሂድ።

«ባህሉ የእኛ አይደለም» ላላችሁ መሥሪያ ቤት ደግሞ አርባ ልጆችን አስታውሱት። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከዕልቂት የተረፉትን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ኢየሩሳሌም አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ የቤተ መንግሥቱ የነሐስ ሙዚቃ ጓድም ሆኑ። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የኢትዮጵያ መንግሥት ለስደተኛ ሙዚቀኞች ገንዘብ ያወጣው ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ የዛሬው ዘመናዊ ሙዚቃችንም ከዚያ ቤት ብዙ ወርሷል።

ለገንዘብ ምንጭ የዩኔስኮን ዓለም አቀፍ የባህል ብዝኃነት ፈንድም ተመልከቱ፤ ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ይሰጣል፤ ማመልከቻው በአገራችን የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ያልፋል። ይህ ፈንድ የአንድ ጊዜ በዓልን ስለማይወድ የጁገሉ ወንድማችን ያነሳው የዓመት ሙሉ ሥልጠና ሐሳብ ለዚህ ይበልጥ ይስማማል።

መልስ፦ የቀብሪበያህ ልጅ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስለ እኛ በመልካም ልብ ስለተነጋገራችሁ አመሰግናችኋለሁ። የተወለድኩት ቀብሪበያህ መጠለያ ውስጥ ነው። ጣቢያው የተከፈተው በ1983 ዓ.ም. ስለሆነ እዚያ ተወልደው ልጅ የወለዱ ሰዎች አሉ። አማርኛ የተማርኩት በጅግጅጋ ገበያና በትምህርት ቤት ነው፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ።

ለበዓል ስንጋበዝ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። እናቶቻችን አቃል ሶማሊ የሚባለውን ቤት መስክ ላይ እንዲተክሉ ይጠየቃሉ። ይህ ቤት ከጥንት ጀምሮ የሴቶች ሥራ ነው፤ የጎበጡትን እንጨቶች በቅስት አቁመው በገመድ ያስሯቸዋል፣ በላያቸው የተሸመኑ ምንጣፎችን ይደርባሉ፣ ውስጡን በወተት ዕቃና በስፌት ያስጌጣሉ። ገና ጎህ ሳይቀድ ጀምረው ፀሐይ ሳይበረታ ይጨርሱታል። እንግዶቹ በሩ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ምንጣፉን ማን ሸመነው፣ ያኛው ጥለት ከየት አካባቢ ነው ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። ማታ እናቶቻችን ሁሉንም ፈትተው፣ አስረው፣ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው ይመለሳሉ። የሚሰጣቸው ምሳ፣ ለስላሳ መጠጥና ቲሸርት ነው። አብሯቸው የሚዘፍነው የከተማ ባንድ ግን በውል ተከፍሎት ይሄዳል።

ስለዚህ ከበጀቱ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ኮሚቴው ውስጥ ከእኛ ስንት ሰው ይኖራል? ከመጠለያው የሚመጡት ሰዎች ስብሰባ ላይ ለመገኘት የይለፍ ወረቀትና የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ በበጀቱ ውስጥ ካልተጻፈ ኮሚቴው ድሬዳዋ ላይ ያለ እኛ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በኋላ የተወሰነው ብቻ ይነገረናል። ስብሰባው በሶማሊኛም ይሁን፤ ትልልቆቹ ገጣሚዎች አማርኛ አይችሉም።

የጁገሉ ወንድማችን የተፈናቀሉትን ማንሳቱ ትክክል ነው። በመጠለያችን አጥር ዙሪያ የሚኖረው የቀብሪበያህ ከተማ ሰው ከእኛ ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ አንድ ዓይነት ግጥም ይገጥማል፤ ውኃም አብረን ነው የምንጠብቀው። የቆሎጂ ሰዎችም ቢጋበዙ ደስ ይለናል። በመድረኩ ላይ ማን ስደተኛ፣ ማን ተፈናቃይ፣ ማን ነዋሪ እንደሆነ በካርድ ተጽፎ አንገታችን ላይ እንዲንጠለጠል ግን አንፈልግም። ገጣሚዋ በስሟና በግጥሟ ትጠራ።

የአሥር ደቂቃውን ነገር በሚመለከት ቡራምቡር ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እስኪመሽ ይሄዳል፤ ሴቶቹ ተራ ይሰጣጣሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ትመልሳለች። መድረክ አያስፈልገውም። ሰፊ ግቢ፣ ምንጣፍ፣ ጥሩ ከበሮና ብዙ የመጠጥ ውኃ ካለ ይበቃዋል። ይህ ደግሞ ከትልቅ መድረክ ኪራይ የሚረክስ ይመስለኛል።

የጠያቂው ምላሽ፦ ደቻቱ ማዶ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጻፉልኝ ስል ይህን ያህል የተብራራ ምክር አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። የማኅበራችን አባላት መልሶቹን አብረን አንብበን ተነጋግረናል።

ለዘንድሮው ሰኔ ማመልከታችንን ትተን የሚቀጥለውን በጀት ዓመት እንጠብቃለን። የምዝገባ ወረቀታችንን እስከ ጥር አስተካክለን ዕቅዱን በየካቲት ጥሪ ላይ ለማስገባት፣ ዝግጅቱንም በታኅሣሥ ለማድረግ ተስማምተናል። የኮሚቴው ግማሽ ከመጠለያ ጣቢያዎቹ የሚመረጡ ሰዎች እንዲሆኑ፣ የመጓጓዣቸውና የአስተርጓሚው ወጪም የበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ሆኖ እንዲጻፍ ወስነናል። የመድረኩን ኪራይ ከሠንጠረዡ አውጥተን ገንዘቡን ለከያንያን ክፍያ አዛውረነዋል፤ ቡራምቡሩ በግቢ ይሆናል። አንዱ ቀን ቀብሪበያህ ላይ ይሁን የሚለው ሐሳብ በጣም ያስደሰተን ቢሆንም ፈቃዱን ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ገና መነጋገር አለብን።

ወንድማችን ከጁገል፣ በሁሉም ነገር አልተስማማንም። የእኛ ከያንያን ሳይከፈላቸው መኖራቸው ለስደተኛዋ ገጣሚም ላለመክፈል ምክንያት የሚሆን አይመስለኝም፤ ክፍያ የሚባለው ነገር አንድ ቦታ ተጀምሮ በውል ላይ ቢታይ ሌላው ከያኒም ነገ ያንኑ ውል ይዞ ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ። የዓመት ሙሉ ሥልጠናውን ሐሳብ ግን ሙሉ በሙሉ ተቀብለነዋል። እናትየውን አነጋግረናቸው ፈቃደኛ ሆነዋል፤ የመጀመሪያው ክፍያቸው ከአባላት መዋጮ ይሆናል። የቆሎጂ ሰዎችም ይጋበዛሉ።

ጋሼ የበጀት ጡረተኛ፣ የአዳራሽና የአውቶቡስ ግምቱን የያዘውን ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ እንዲያርሙልን በትሕትና እጠይቃለሁ። እህቴ የቀብሪበያህ ልጅ፣ የክፍያ መጠኑን የሚወስነውን ክፍል አንቺ ከመጠለያው እናቶች ጋር ተነጋግረሽበት ብትጽፊው እንመርጣለን፤ ለአንዲት ገጣሚ የአንድ ከሰዓት በኋላ ዋጋ ስንት ሊሆን ይገባል የሚለውን እነሱ እንዲወስኑት ክፍት ትተነዋል።